ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ የቀረው ሰርቨር

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እገሌ ቤት ድስት ብቻውን ተንኳኳ ሲባል አይጥ ነው ብዬ ወሬውን የምዘጋ፣ ጠንቋይ ቤት የሄደ ዘመድ ካለኝ ዓመት ሙሉ የማኮርፍ ሰው ነኝ። አሥራ አራት ዓመት የሰው ሰርቨር፣ ፋይል ሁሉ የሚከማችበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ስጠግን «ማሽኑን ዓይን በልቶታል» ያሉኝን ደንበኞች ሁሉ አቧራውን አራግፌ፣ ማራገቢያውን ቀይሬ አሳፍሬያቸዋለሁ፣ ማሽን ወይ መብራት ሄዶበታል ወይ ሰው ነካክቶታል፣ ሦስተኛ ምክንያት የለም ነበር የምለው። ቶሎ እንደምናደድም አልደብቅህም፣ ባለቤቴ «አንተን ሰው ሳይሆን ኬብል ነው የወለደህ» ትለኛለች። እና ስማኝ፣ ይህን የማወራህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን ተሸክሜው ስለከረምኩ ነው።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በውድቅት ሌሊት ነው የሚሆነው ይላሉ፣ የእኔ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ምሳዬን በልቼ፣ ልቤ ልብ ሆኖ፣ አእምሮዬ ቦታው እያለ።

ነሐሴ ነበር። ጋሼ አበራ የሚባሉ አዛውንት፣ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ፎቶ ቤት ያላቸው፣ ስልኬን ከሰው አግኝተው ደወሉልኝና «ልጄ፣ ሰርቨሬን የሚቀይርልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ አደራህን ግን፣ የማይለዋወጥ ሲስተም ነው የምፈልገው» አሉኝ። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሌቦች በኢንተርኔት ገብተው ፋይሉን በሙሉ ቆልፈውበት ሥራ ፈትቶ እንደቀረ ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። የእሳቸው ማሽን ላይ ያለው ደግሞ የሰፈሩ ፊት ነው፣ ጉርድ ፎቶው፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ሰርጉ፣ ሰው ሲያርፍም ለለቅሶው የሚተልቀው ፎቶ ከዚያው ነው የሚወጣው። «ሌላ ቦታ ቅጂ አለዎት?» ስላቸው «እግዚአብሔር አለ» አሉኝ፣ በንዴት ስልኩን ልውጠው ነበር።

እኔ እንዲህ ላለ ሥራ ስሄድ ሁለት ፍላሽ እይዛለሁ። አንዱ ላይ ከወጣ ወር ያልሞላው አዲስ የሊኑክስ ስሪት፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ማለቴ ነው፣ አለ፣ ሁሉ ነገሩ የሚያብለጨልጭ፣ ነገር ግን የደኅንነት አፕዴት፣ ማለት ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን እርማት፣ የሚሰጡት ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሩን ክፍት አድርጎ እንደተኛ ቤት ነው የሚሆነው። ሌላው ላይ ያለው ቆየት ያለው ነው፣ አሰልቺ፣ ሌሎች ተደናቅፈውበት ስህተቱ የታረመለት፣ አምስት ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ። ለትንሽ ድርጅት ሁልጊዜ አሰልቺውን ነው የምጭነው፣ አዲሱን የምይዘው አንዳንድ ማሽን አሮጌውን አልቀበልም ስለሚል ብቻ ነው። «የማይለዋወጥ» ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ ተባረክ እንደሚባል ደንበኛ አገኘሁ አልኩ።

ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ጉሙ ከእንጦጦ እየወረደ ነበር፣ እመነኝ፣ እየወረደ ስልህ እንደ ሰው እየተራመደ ነው፣ መጀመሪያ ባሕር ዛፉን፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ዋጠው። ድምፅ ሁሉ ሩቅ ሆነ፣ የመኪናውም፣ የሰውም፣ የራሴ እርምጃ ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገብቶ እየተንቦጫቦጨ ፎቶ ቤቱ ደረስኩ።

ጋሼ አበራ ቀጠን ያሉ፣ ሹራብ ላይ ኮት የደረቡ ሰው ናቸው። ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሳልጨርስ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀጭ አደረጉኝ። «እዚህ ቤት ገብቶ ሳይነሳ የሚወጣ የለም» አሉ፣ ጉርድ ፎቶዬ ስም እንኳ ሳይጻፍበት በቁጥር ብቻ መዝገቡ ውስጥ ገባ። አዲሱ ማሽን ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አሮጌው መደርደሪያው ሥር እያንኮራፋ ይሠራል።

መጀመሪያ ፎቶውን ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስኬ መገልበጥ ጀመርኩ፣ ሰዓታት የሚፈጅ ነበርና እግረ መንገዴን አሮጌውን ሲስተም ልየው ብል፣ ማሽኑ አሥር ዓመት ሊሞላው አንድ አፕዴት እንኳ አልወሰደም። አፕዴት አምጣ ስለው «የዚህ ፋይል ቀን ገና አልደረሰም» ይለኛል፣ የሚቀረው ሰባት ዓመት ምናምን ነው ይላል። ቀኑን አየሁት። ወዳጄ፣ ዓመቱም ወሩም ቀኑም በሐበሻ አቆጣጠር ነው የተሞላው፣ ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ከዛሬ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ያለ ይመስለዋል። ስንት ዓይነት ስህተት አይቻለሁ፣ ይህን ግን ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ዕድሜ ልኩን አያየውም።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነው ያደረገው?»

«የሺ ናት፣ ባለቤቴ» አሉኝ። «መዝጋቢዋ እሷ ነበረች። ሰው መጥቶ በጥር ሚካኤል የተነሳሁት ሲላት በፈረንጅ ስንት ነው እያልኩ ጣቴን ስቆጥር አልውልም ብላ ነው። እኔም እንደሷ ያዝኩት። ወሩን ሠላሳ አንድ ሲያደርግብኝ በእጄ እመልሰዋለሁ፣ ጳጉሜን ስለማያውቃት አምስቱን ቀን አጥፍቼ አሳርፈዋለሁ።»

«እሳቸው የት ናቸው ታዲያ?»

«አርፋለች» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። መስኮቱ ነጭ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ኬብሎቹን የምታገናኘው ትንሿ ስዊች መደርደሪያው ላይ ናት፣ ሦስት ኬብል ተሰክቶባታል፣ አንዱ የሰርቨሩ፣ አንዱ የጋሼ ጠረጴዛ፣ ሦስተኛው ግድግዳውን ታክኮ ወደ ጓዳ ይገባል። የሦስተኛው መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ስለዚህ ጓዳ ሌላ ኮምፒውተር አለ ብዬ ተከትዬው ገባሁ። አንድ ባዶ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው። የኬብሉ ጫፍ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ተመልሼ ስዊቿን አየኋት፣ አሁንም ብልጭ ትላለች፣ ሰው ጽፎ ጽፎ እንደሚያስበው፣ ትንሽ ትልና ታርፋለች። ነቀልኩት፣ ጠፋ፣ መልሼ ሰካሁት፣ በራ። ተበላሽታ ነው አልኩ። ከጓዳው ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማኛል፣ የጣራው ጠብታ ነው አልኩ። ጠብታ ግን መስመር ሲጨርስ ቆም ብሎ አንድ ትልቅ ቁልፍ አይጫንም፣ ይህን የሚያደርገው ኪቦርድ ነው፣ እኔ ደግሞ ይህን ድምፅ ከእናቴ ድምፅ በላይ አውቀዋለሁ።

ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የማሽኑን መዝገብ ከፈትኩት። የሺ የሚለው ስም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ገብቷል፣ አልወጣም። ትናንትም ሦስት ሰዓት። ከትናንት ወዲያም። እሑድ እሑድ የለም። ወደኋላ ሁለት ዓመት ድረስ እንዲሁ ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አምስት ዓመት ተኩል የሚያህል ባዶ። ሰው የይለፍ ቃላቸውን ሰርቆ እየገባ ነው አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ሌባ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሚገባው ግን ከውጭ አይደለም፣ ከሦስተኛው ኬብል ነው።

ምን እየነካ ነው ብዬ የፎቶውን መዝገብ አየሁ። በየፎቶው ሥር የማስታወሻ ቦታ አለ፣ እትዬ የሺ ሰዉን የሚለዩበት፣ «የአናጢው የመጨረሻ ልጅ፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል» ዓይነት ነገር ጽፈውበታል። ዛሬ የተነካው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከፈትኩት፣ የእኔ ነው። ከጠዋቱ የተነሳሁት። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ልጅ ይቸኩላል። ጫማው ርሷል አበራ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው።»

ልብ በልልኝ፣ ፎቶው ጉርድ ነው። ከደረት በላይ። ጫማዬ የለበትም።

ዞር ስል ጋሼ አበራ ከኋላዬ ቆመው በትከሻዬ በኩል ያነባሉ። አልደነገጡም። ፊታቸው ላይ የነበረው ዘመዱ ለእንግዳ ሲታይበት እንደሚያፍር ሰው ያለ ፈገግታ ነው። ሄደው የከሰል ምድጃውን እየጎተቱ መጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«እንዲህ ስትጽፍ ሁለት ዓመቷ ነው» አሉኝ። «ካረፈች በኋላ ብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። አንድ ጠዋት የማላውቃት ሴት ፎቶ ሥር ጽፋ አገኘኋት። መጀመሪያ አበድኩ ብዬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፣ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ምን እላለሁ?»

እኔ ጭንቅላቴ ሒሳብ መሥራቱን አይተውም፣ በፍርሃትም መሐል ቆጠርኩ። ይህ ማሽን ሲገዛና እትዬ የሺ መጀመሪያ ሲቀመጡበት የነበረው ቀን፣ በማሽኑ ኋላ ቀር ካላንደር ተራው የደረሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እሳቸው በሕይወት የነበሩበትን ዘመን ነው ማሽኑ አሁን የሚኖረው።

«ገብቶሃል አይደል?» አሉኝ። «እኔም የግድግዳ ካላንደሬ ላይ፣ የእኛ በትልቁ የፈረንጁ በትንሹ የተጻፈበት፣ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ያረፈችው በታኅሣሥ ነው፣ በፈረንጁ ዲሴምበር፣ ማሽኑ ደግሞ ነሐሴያችንን አሥራ ሁለተኛ ወር ብሎ ዲሴምበር ያደርገዋል። ማሽኑ እዚያች ቀን ላይ የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ነው ልጄ። የማይለዋወጥ ሲስተም ያልኩህ ለዚህ ነው።»

እንግዲህ አስበው። እኚህ ሰው የሰፈሩን ፊት ሁሉ ይዘዋል፣ ለዚያ ቀኑ ትክክል የሆነ፣ አፕዴት የሚወስድ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። ሚስታቸው ያሉት ደግሞ ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ላይ ነው፣ እሱም ከነገ ወዲያ ሊያልቅ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን በሁለት ደቂቃ አስተካክዬ እሄድ ነበር። ያን ዕለት ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ እንዲህ እናድርግ» አልኳቸው። «ፎቶውን አዲሱ ማሽን ላይ አደርጋለሁ፣ ቀኑም ሁሉ ነገሩም ትክክል ሆኖ። አሮጌውን ከኢንተርኔት አላቅቄ እዚሁ እተውልዎታለሁ። ሌባ አያገኘውም።»

«ቀኑንስ? አንድ ዓመት ወደኋላ ልትመልስልኝ ትችላለህ?»

መለስኩት። እኔ፣ ሰዓቱ በአሥር ደቂቃ የተዛባ ማሽን ሳይ ሰው የምሰድበው፣ በገዛ እጄ አንድ ዓመት ቀነስኩ። የሦስተኛው ኬብል መብራት ጠፋ። ጓዳውም ዝም አለ። ጉሙ በበሩ ሥር ገብቶ መሬቱ ላይ ተነጥፎ ነበር፣ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፣ የከሰሉ ፍም በአመድ ሲሸፈን ነው ጊዜ እንደሄደ የገባኝ። ጋሼ አበራ ከመብራቷ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልዩ ይመስለኛል።

ከዚያ ብልጭ አለች። አንዴ። ቆየችና ደግሞ። በጣም በዝግታ። የእኔው ፎቶ ሥር፣ ስለ ምድጃው ከተጻፈው ቀጥሎ፣ እያየነው ፊደል በፊደል ተጻፈ፦ «አበራ፣ ይህን ሥራ ሠርቼ ጨርሼዋለሁ። ለምን ታስደግመኛለህ? ደክሞኛል።»

ሽማግሌው ቁጭ አሉ። ወንበር አልነበረም፣ መሬቱ ላይ ነው የተቀመጡት። አልቅሼ የማላውቅ ሰው ዓይኔ ሞላ፣ የማን ሐዘን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። «ወደ ነበረበት መልሰው» አሉኝ፣ «በሕይወት ሳለችም ሥራ ማስደገም አልወድም ነበር።»

መልሼው ሄድኩ። ዳገቱን ስወርድ ጫማዬ ደርቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እንዳልቀር ለምነውኝ ነበርና ጠዋት ደረስኩ። ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ፎቶ ቤቱን ለደንበኛ አልከፈቱም። መብራቷ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያለ ዕረፍት ትሠራለች፣ ፈጠን ብላ፣ ዕቃዋን ሸክፋ መንገድ እንደምትሄድ ሴት። ማስታወሻዎቹ በሰፈሩ ሰው ፎቶ ሥር አንድ በአንድ ይሞላሉ፣ ይህችን ልጅ ሰርግ ጠርታኛለች፣ እኚህ አባት ፎቶአቸውን ሳይወስዱ ቀርተዋል፣ ተልኮ ይሰጣቸው። እኔ ሥራ አልሠራሁም። አፌን ከፍቼ ሳይ ዋልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የጋሼ አበራ የራሳቸው ፎቶ ተከፈተ። «አንተ አትይ» አሉኝ፣ እኔም በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሦስት መስመር መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት፣ ሁለተኛው ላይ ቁጥር አለ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጠርገው ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡትና ስክሪኑን አጠፉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መብራቷ ጠፋች። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ አልበራም። ስዊቿን በሌላ ቀየርኩ፣ አልበራም። አሁን መሆን ያለበት ሆነ፣ ጫፉ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ኬብል አይበራም፣ ሥራዬ ነው አውቀዋለሁ፣ ግን ጓዳው ውስጥ የነበረው ዝምታ እንዴት እንደከበደኝ ልነግርህ አልችልም።

«በል ልጄ፣ አዲሱን ጫንልኝ» አሉኝ ጋሼ አበራ፣ ድምፃቸው ደኅና ነው፣ እንዲያውም ቀለል ያላቸው ይመስላል። እኔም ለደንበኛ እንደማደርገው አስረዳሁ፣ ይህኛው አምስት ዓመት ይጠበቃል፣ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው፣ አዲሱ ግን ዘጠኝ ወር ብቻ ነው፣ አይመከርም አልኳቸው።

ጣታቸውን አንድ በአንድ አጥፈው ቆጠሩ። መስከረም፣ ጥቅምት እያሉ፣ ግንቦት ላይ ቆሙ።

«የዘጠኝ ወሩ ይበቃኛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጻፉልዎት?»

«ሥራህን ሥራ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

እንግዲህ እኔ ንዴታም ነኝ ብዬሃለሁ፣ እልኸኛም ነኝ። አሰልቺውን፣ የአምስት ዓመቱን ጫንኩባቸው፣ ሳልነግራቸው። ፎቶው ሁሉ ገብቷል፣ ቅጂውም ሌላ ቦታ አለ፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ አፕዴቱን በየሳምንቱ ይወስዳል፣ እንዲህ ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ማሽን የለም። አሮጌው ተነቅሎ ጓዳ ተቀምጧል። በየወሩ እየሄድኩ አየዋለሁ፣ ማሽኑን ነው የማየው እላለሁ፣ የማየው ግን ሰውዬውን ነው። ደኅና ናቸው። ትንሽ ያስላቸዋል፣ እሱም ብርድ ነው ይላሉ።

ይህን የምነግርህ ከዚያች ቀን በኋላ በስምንተኛው ወር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደወሉልኝ። «ሳምሶን» አሉኝ፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ «የአምስት ዓመቱን ነው አይደል የጫንክልኝ? ስክሪኑ ላይ አየሁት።» ሳቁና ሳሉ። «ተንኮለኛ። ማን ይጠቀምበታል ብለህ ነው?» አሉኝና፣ መልስ ሳይጠብቁ፣ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ሰው እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ፣ «አስተምሬው እንድጨርስ ቶሎ የሚገባው ይሁን» ብለው።

እሺ ብያቸዋለሁ። ሰው እንኳ ሞልቷል፣ ሦስት አውቃለሁ። አንዱንም አልጠየቅሁም።